ባለቤቱ ምልክቱን ይናገር

መካ፣ ሚስፈላ
ሰኔ 20 ቀን 2017

ለእህቴ ለሀሲና፤

የአላህ ሰላምና እዝነት በዚያ ቤት ላይ ይረፍ። እማ ሙሂባ እንዴት ናቸው? እግራቸውስ? ልጅሽ ሰሐርስ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ይህንንም እንደ ልማዴ ወረቀት ላይ ጽፌ ፎቶውን በስልክ ልኬልሻለሁ። እማ ድምፄን ሲሰሙ እንደሚያለቅሱ ነግረሽኛል። እኔም ባለቤቴ ፈሪዳ ከሞተች ወዲህ የእናቷን የእማን ድምፅ ስሰማ እንደዚያው ነኝ። ወረቀት ይሻለናል፤ አንቺ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው።

አሁን ወደ ደስታዬ ልግባ። የምጠብቀው የሐጃጆች ማደሪያ ዘንድሮ አልጋውንም ማቀዝቀዣውንም ሊለውጥ ነው። ባለቤቱ አሮጌውን አውጥተህ ጣለው አለኝ። ብሸጠውስ ብለው፣ ከሸጥከው እኩል እንካፈላለን ብሎ ሳቀብኝ። እዚህ ሰው አሮጌ ዕቃውን ፎቶ እያነሳ በስልክ የሚሸጥበት ገበያ አለ። ከመርፌ እስከ ግመል ይሸጥበታል። እኔም ገባሁበት።

የኔን ዐረብኛ ታውቂዋለሽ። ከሸኾች ደጅ በኪታብ የቀራሁት ነው፤ የመንገዱ ዐረብኛ አሥራ አንድ ዓመት ኖሬም አፌ ላይ አልተቃናም። ስለዚህ ማስታወቂያዬን በኪታቡ ቋንቋ ጻፍኩት። «እናንተ ሰዎች ሆይ፤ ይህ ማቀዝቀዣ ነው። ውሃ ያቀዘቅዛል፤ ሥጋ ግን ከሁለት ቀን በላይ አደራ አትስጡት። ሲሠራ ያቃስታል። ግራ እግሩ ያጠረ ነው። ነውሩን ነግሬያችኋለሁ፤ አላህ ይመስክር።» ሻጭ የዕቃውን ነውር ይናገር ተብሎ የለ? ሰዉ ለሳቅ ይመጣል፣ ገዝቶ ይሄዳል። አንዱ ጎረምሳ «ያ ሸኽ፣ እውነት ያቃስታል?» አለኝ። ሰምተህ ውሰድ ብዬ ሰካሁለት። አቃሰተ። እየሳቀ ከፍሎ ጫነው። በአሥር ቀን አሥራ ሰባት አልጋ ሸጫለሁ። ወላሂ በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር ይዞኝ አያውቅም፤ ሰላት ላይ ስቆም እንኳ አልጋ ይመጣብኛል፤ አላህ ይማረኝ።

ደግሞ አንድ ነገር አለ። ሐጃጆቹ ከሄዱ በኋላ ከደረጃችን ሥር አንድ ዊልቸር ቆሞ አገኘሁ። ሰማያዊ ነው። ጎማው እንደ ሞተር ሳይክል ጎማ ወፍራም፣ ፍሬኑ በእጅ የሚያዝ። ባለቤት የለውም ይላሉ። ያ የክሊኒኩ ዊልቸር ድንጋይ ላይ ተሰናክሎ እማን እንደጣላቸው ትዝ አለኝ። ይሄኛው የእኛን መንገድ ይችለዋል። ለእማ እልከዋለሁ።

መቼ ትመጣለህ ያልሽኝን ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ፤ ወረቀቱ እያለቀ ነው።

ዱዓችሁ አይለየኝ፤
ከቢር

ሀርቡ
ሐምሌ 2 ቀን 2017

ለአያ ከቢር፤

ያለህበት አገር የተባረከ ነውና የኛን ምርቃት አትፈልግ ይሆናል፤ ቢሆንም አላህ እጅህን ከክፉ፣ ጀርባህን ከአልጋ ሸክም ይጠብቅልን።

ደብዳቤህን ለእማ አነበብኩላት። ድገሚው አለች። ማቀዝቀዣው ጋ ስደርስ ሳቀች፤ ዊልቸሩ ጋ ስደርስ እግሯን ዳበሰች። ከዚያ ሦስተኛ አስነበበችኝ።

ያልሰማኸው አለ። የሰሐር ኒካህ ኅዳር 7 እሁድ ሆኗል። የኛ ግቢ ቁልቁለት ስለሆነ ዳሱ የሚጣለው ታች ሜዳው ላይ፣ ካሰች ደጅ ነው። ጎረቤታችን ካሰች ግቢዋን ለቃልናለች። ወንዶቹ እማን በቃሬዛ እናወርዳታለን ብለው ቀርበው ነበር። ምን አለቻቸው መሰለህ? «በቃሬዛ የምወጣው አንድ ቀን ብቻ ነው። እሱንም እኔ አላየውም፤ እናንተ ታዩታላችሁ።» የክሊኒኩ ዊልቸር ከጣላት ሁለት ዓመቷ፣ ከበር ወጥታ አታውቅም። ሰሐርን ያሳደገቻት እሷ ናት፤ ልጅቱም እማ ካልወረደች አልወርድም ብላ ቁጭ ብላለች።

ደብዳቤህ በመጣ በሁለተኛው ቀን እማ አናጢ አስጠርታ የበሩን ደፍ አስጠርባለች፤ ጎማው እንዲያልፍ። ለካሰች ደግሞ ከቢር መኪና ልኮልኛል ብላታለች። ካሰች ለገበያው በሙሉ ነግራለች። እንግዲህ ወደ ኋላ የለም፣ አያ። ዘንድሮ ለድግሱ ገንዘብ ላክ አንልህም። የምንለምንህ ዊልቸሩን ብቻ ነው።

አንተስ መቼ ነው የምትመጣው? ወረቀቱ ካለቀብህ ገልብጠህ ከጀርባው ጻፍበት።

እህትህ ሀሲና

መካ
ነሐሴ 5 ቀን 2017

ለእህቴ ለሀሲና፤

ሰላምታዬን አንገቴን ደፍቼ አቀርባለሁ። ወር ሙሉ ዝም ያልኩት ታምሜ አይደለም።

ዊልቸሩን አጠብኩት። በብርድ ልብስ ጠቀለልኩት። የእማን ስም በትልቁ ጽፌ ኩዳይ ሰፈር ያለው ዕቃ ላኪ ድረስ እየገፋሁ ወሰድኩት። ሚዛን ላይ ወጣ። ሰውዬው ለሚሞላው ወረቀት ብሎ የማን ነው አለኝ። አፌ «የኔ» ሊል ተከፈተና እዚያው ቀረ።

ሀሲና፣ በሌላ አገር ወድቆ የተገኘ ዕቃ ዓመት ተለፍፎበት ባለቤቱ ከጠፋ ላገኘው ሰው ይሆናል። የመካው አይሆንም። የመካን የወደቀ ዕቃ ሊለፍፍለት የፈለገ ብቻ ያንሳው ነው የተባለው፤ ልፈፋውም ማለቂያ የለውም። ይህን በአሥራ አራት ዓመቴ ቀርቼዋለሁ። ያን ደብዳቤ ስጽፍልሽ የት ሄዶ እንደነበር አላውቅም። ደስታዬ ላዩ ላይ ተቀምጦበት ነበር መሰለኝ። ራሴን ስመረምረው የባሰ አገኘሁ፤ ዊልቸሩን ሳየው መጀመሪያ የታየኝ የእማ እግር አልነበረም። እሳቸው ሲመርቁኝ ነው የታየኝ። እየገፋሁ መለስኩት።

አሁን እዚያው ገበያ ላይ አውጥቼዋለሁ፤ ለሽያጭ ሳይሆን ለልፈፋ። «እናንተ ሰዎች ሆይ፤ ይህ ዊልቸር ሚስፈላ ተገኝቷል። አይሸጥም። ባለቤቱ ምልክቱን ይናገር።» ምልክቱ የተሰወረ ነው፤ ላንቺም አልነግርሽም። አይሸጥም ባልኩ ቁጥር ዋጋ ይጨምራሉ። አራት መቶ ያለው ሰውዬ አሁን ሰባት መቶ ደርሷል። አንዱ ምልክቱ ሰማያዊ መሆኑ ነው አለኝ፣ ፎቶውን እያየ። ሌላው ጎማ አለው ብሎ ጻፈልኝ።

ሌላ እንዳልገዛ፣ እንዲህ ያለው አሮጌው እንኳ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሪያል ነው። ከደሞዜ የሚተርፈኝን የአልጋዎቹንም ድርሻዬን ብደምር እስከ ኅዳር ግማሹ አይሞላም። እማን አውፍ፣ ይቅር ይበሉኝ በይልኝ። ደፉን ማስጠረባቸው እንደ ቁስል ይጠዘጥዘኛል።

ወንድምሽ ከቢር

ሀርቡ
ነሐሴ 19 ቀን 2017

ለአያ ከቢር፤

እኛ ደህና ነን።

ደብዳቤህን አነበብኩላት። ድገሚው አላለችም።

አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ማንም ጠይቂ አላለኝም፣ ከራሴ ነው። የሐረሙ፣ የተከበረው የመካ ምድር፣ ወሰን ሹመይሲ ላይ ያልቃል ብለህ ነግረኸን ነበር። እንግዲህ ዊልቸሩን ሹመይሲን አሳልፈህ የጅዳ መንገድ ላይ ጣለውና ዞረህ መጥተህ አግኘው። ያኔ የመካ አይደለማ።

ደፉ በተጠረበበት በኩል ዝናብ ይገባል። ካሰች በየጠዋቱ መኪናው መጣ ወይ ትላለች። ሰሐር ኒካሁ ይተላለፍ አለች፤ የሙሽራው ወገኖች ፊታቸው ጠቁሯል።

ሀሲና

መካ
መስከረም 10 ቀን 2018

ለእህቴ ለሀሲና፣ ለእማ ሙሂባም፤

አዲሱ ዓመት የምሥራች የሚሰማበት ይሁን፤ እነሆ የመጀመሪያው ከኔ ነው። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

አስቀድሜ ስለ ሹመይሲው ልመልስልሽ። ሳነበው ከልቤ ሳቅሁ። ከዚያ ሁለት ቀን አሰብኩበት። ያስፈራኝ ሁለቱ ቀን ነው።

ባለቤቱ ተገኘ። ማስታወቂያዬ በኪታብ ቋንቋ ስለሆነ ሰዉ እየሳቀ ከስልክ ወደ ስልክ ሲቀባበለው ጅዳ ገብቷል። ባለፈው ሰኞ አንዲት ሴት ደወለች። ዋጋ አልጠየቀችም። «ከመቀመጫው ሥር ኪስ አለች» አለችኝ። «በአረንጓዴ ክር የሰፋኋት እኔ ነኝ። አንድ እጀታው የተሰበረ መነጽር አለባት።» ተቀመጥኩ። የተቀመጥኩት ዊልቸሩ ላይ ነበር፤ የሰው መሆኑ ትዝ ሲለኝ ብድግ አልኩ።

ኡሙ ነዋፍ ይሏታል። ሰኔ ላይ ባሏን ይዛ ለጁሙዓ ሰላት መካ መጥታ ኖሯል። ሰውዬው በኛ በር ፊት ታመመ፤ አምቡላንስ አነሳው፤ ዊልቸሩ መንገድ ላይ ቀረ፤ አንድ ደግ ሰው ከደረጃችን ሥር አስጠግቶት ሄደ። ባሏ በሳምንቱ ሞተ።

ትናንት ከጁሙዓ በኋላ በፒክአፕ ጭኜ ጅዳ ወሰድኩላት። እሸጠዋለሁ ብላኝ ነበርና ኪሴ ውስጥ ያለችኝን ሁሉ ይዣለሁ፤ ስምንት መቶ ሪያል። ከመካ እስከ ጅዳ መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ስለማመድ ሄድኩ፤ ዝም ማለትን። ዋጋ ብትጠራ ዝም ብዬ ልከፍል። ዝምታ ውሸት አይደለም እያልኩ።

ዒዳዋን፣ የባሏን ሐዘን የምትጠብቅበትን ጊዜ፣ ስላልጨረሰች ከበሩ ጀርባ ሆና ነው ያናገረችኝ። ልጇ ነዋፍ ደጁ ላይ ቆሟል።

«ሦስት መቶ ስጥና ውሰደው» አለች።

ሦስት መቶ፣ ሀሲና። እማ ዳሱ ውስጥ ተቀምጠው ታዩኝ። ከዚያ ደግሞ እነዚያ አሥራ ሰባት አልጋዎች ታዩኝ፤ የእያንዳንዱን ጉድለት ስለፍፍ የከረምኩት እኔ።

«ሦስት መቶ አይደለም፣ እመቤቴ» አልኩ። «ገበያው ላይ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ያወጣል።»

«የሚገዛው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

ነዋፍ ዞር ብሎ አየኝ። «እማዬ፣ ይሄ ሰውዬ ጤነኛ አይመስለኝም» አለ። ከበሩ ጀርባ ሳቅ ሰማሁ። አባቱ ከሞቱ ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው አለኝ ነዋፍ በኋላ።

ያለህ ስንት ነው አለችኝ፤ ነገርኳት። አይሆንም አለች። ቀጥላ ምን አለች? ቤቱ በሟቹ ዕቃ ተሞልቷል፤ ልጆቹ ሊነኩት አይደፍሩም፤ እሷም ልታየው አትችልም። አንተ ሽጥልኝ፣ ነውሩን እየተናገርክ፤ ሁሉንም ሸጠህ ስትጨርስ ዊልቸሩ የድካምህ ዋጋ ነው። እስኪያልቅ ግን እዚህ ይቆያል።

ጁሙዓ ጁሙዓ እሄዳለሁ። ስምንት ጁሙዓ ነው የቀረን። ሰሐር ኒካሁን አታንሳው በያት።

ከቢር

ሀርቡ
ጥቅምት 10 ቀን 2018

ለአያ ከቢር፤

አላህ ምላስህን እንዲሁ እንደያዘልህ ይያዝልህ። ኔትወርክ ጠፍቶ ከርሞ ደብዳቤህ የደረሰን ትናንት ነው።

እማ አራት ጊዜ አስነበበችኝ። «የኔ ልጅ ያገባችው ሞኝ ነው» አለች። ከዚያ ሻሿን አስተካክላ፣ «ሌላ ሰው ያገባች እንደሆን ምን ልሆን ነበር» ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች። የሟቹን ስም ጠይቂልኝ ብላለች፤ ለዱዓ። ካሰች ደግሞ ዋጋ ጨምሬ ልግዛ የምትል መሆንህን ሰምታ፣ ዶሮዎቼን ለማንም አልሸጥም፣ ከቢርን እጠብቃለሁ እያለች ነው።

ኒካሁ አልተነሳም። ሰሐር ሂና አስገዝታለች። ግን አያ፣ ሃያ ሰባት ቀን ነው የቀረው። እውነቱን ንገረኝ፤ ካልደረሰ ከአሁኑ ልወቀው። ለእማ የምነግርበትን ቃል ልፈልግበት።

ሀሲና

ጅዳ
ጥቅምት 26 ቀን 2018

ለእህቴ ለሀሲና፤

ይህን የምጽፍልሽ ዕቃ ላኪው ሱቅ ውስጥ ቆሜ ነው። ጠረጴዛ ስለሌለ ፊደሉን ታገሺው።

አለቀ። የመጨረሻውን ዕቃ ዛሬ ጠዋት ሸጥኩ። መጋዝ፣ መሰርሰሪያ፣ ሦስት ራዲዮ፣ አንድ ካባ። የከበዱኝ ስድስቱ የዓሣ ማጥመጃ ዘንጎች ናቸው፤ እኔ የደጋ ልጅ ምን አውቄ? «ይህ በትር የሙሳ በትር አይደለም፤ ባሕር አይከፍልም፤ ዓሣ ግን ያወጣል» ብዬ ጻፍኩ። ወዲያው ድፍረት መሰለኝና አጠፋሁት። አንድ ሽማግሌ ግን ከማጥፋቴ በፊት አንብቦት ኖሮ፣ የሙሳ ያልሆነውን በትር አምጣ ብሎ ደወለ። ስድስቱንም ወሰደ።

ዒዳዋ አልቆ ኡሙ ነዋፍ ዛሬ እስከ በሩ ወጣች። መነጽሩን ከዊልቸሩ ኪስ አውጥታ ለራሷ አስቀረች። ዊልቸሩን ራሷ ገፍታ ሰጠችኝ። ባለቤቷ ሰዒድ ነው ስሙ፤ ለእማ ንገሪያቸው።

የሞተ ሰው ዕቃ ስሸጥ ስድስት ጁሙዓ ቆየሁ፤ የሷን ቤት ባዶ ሳደርግ የራሴን አየሁ። መቼ ትመጣለህ ስትይኝ ወረቀት አለቀ የምለው ለዚህ ነው። ፈሪዳ ስትሞት እዚህ ነበርኩ። አልቀበርኳትም። እዚህ እስካለሁ ድረስ እሷ ሀርቡ ያለች ይመስለኛል፤ ምድጃው አጠገብ፣ ጀርባዋን ሰጥታ። ብመጣ ትጠፋብኛለች። አራት ዓመት እንዲህ አድርጌ አኖርኳት። ይህን ለእማ አታንብቢ፤ ወይም አንብቢው፤ አንቺ እንዳየሽ።

ሱቁ የምንተስኖት ነው፣ የጎንደር ልጅ። ዛሬውኑ በአውሮፕላን ይጫናል፤ ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ በአውቶቡስ ያደርሱታል ብሏል። አሁን ነውሩን ልንገርሽ። የቀኝ ፍሬኑ ከግራው ይልቅ ቶሎ ይይዛል። ቁልቁለት ላይ ጥሩ ነው። ዳገት ላይ ግን በጣም ይከብዳል፤ የሚገፋው ሰው ጉልበተኛ ይሁን።

ከቢር

ሀርቡ
ኅዳር 11 ቀን 2018

ለአያ ከቢር፤

ያስደሰትከንን ያህል አላህ ያስደስትህ። ሁሉንም በተራ ልንገርህ፤ አታቋርጠኝ።

ኮምቦልቻ የደረሰው ዓርብ ማታ ነው፣ ኒካሁ እሁድ። ቅዳሜን እማ ቤት ውስጥ ስትለማመድ ዋለች፤ ሁለት ሰታቴ ገጭታለች። እሁድ ጠዋት አዲሱን ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። ወንዶቹ ስድስት ሆነው ከበቧት፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ስትደርስ ቁሙ አለቻቸው።

«ልቀቁኝ» አለች።

አይሆንም አሉ። «ፍሬኑ የኔ እጅ ላይ ነው፤ የናንተ እጅ ላይ አይደለም። ልቀቁ።»

አያ፣ ለቀቋት። ቀስ እያለች፣ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እየያዘች፣ ያን ድንጋይ ሁሉ እየዞረች ወረደች። የሙሽራው ወገኖች ግራና ቀኝ ሸሹላት። ካሰች እልልታዋን አቀለጠችው። ሰሐር የሙሽራ ልብሷን ሰብስባ ከኋላዋ እየሮጠች ታለቅስ ነበር፤ ኩሏ አገጯ ላይ ደርሷል። እማ ዳሱ መሐል ስትደርስ ፍሬኑን ያዘችና ዙሪያውን አየች። ሰው ሁሉ ተነሳላት። ሁለት ዓመት ያላያት ሰው ነው። ከቀትር እስከ ዐሥር ሰዓት ተሳመች። ዱዓ ሲደረግ ለሰዒድም አስደረገች።

ችግሩ የመጣው ማታ ነው። ወንዶቹ ወደ ቤት ሊገፏት ቀረቡ። አልሄድም አለች። ስንለምናት ያደረው እንግዳ ሁሉ ታዘበን። እነሆ አራተኛ ቀኗ ነው፣ ካሰች ቤት ናት። ምግቧን ከቤት በየሰዓቱ አመላልሳለሁ። ካሰች እንኳ ጓደኛ አገኘሁ ብላ ደስ ብሏታል።

ያን አታንብቢ ያልከኝን አንብቤላታለሁ። አውፍ በለኝ። እንዲህ በይው አለችኝ፤ ቃል በቃል ነው፤

«መውረዱን ራሴ ወርጃለሁ። ዳገቱን ጉልበተኛ ይግፋው ብሎ የጻፈው እሱ ነው፤ መጥቶ ይግፋ። ፈሪዳ ምድጃው ጋ የለችም፤ ፈልጌያታለሁ። መቃብሯ ከዳገቱ ግማሽ ላይ ነው። ሴት ነኝና ለቀብሯ አልወጣሁም፣ ከዚያ እግሬ ያዘኝ፤ ስወርድም ዓይኔ ከድንጋዩና ከፍሬኑ አልተነሳም፤ እኔም አላየሁትም። ሁለታችንም አላየነውም። ዳግም ብቻዬን አላልፍበትም።»

ሀሲና

መካ
ኅዳር 14 ቀን 2018

ለእማ ሙሂባ፤

እጅዎን እስማለሁ። ይህን ሀሲና ታንብብልዎ።

የማደሪያው ባለቤት ወጥቶ መመለሻ ቪዛውን ፈርሞልኛል። ምክንያቱን ሲጠይቀኝ አማቴ መንገድ ላይ ቆመው እየጠበቁኝ ነው አልኩት። ሐሙስ አዲስ አበባ፣ ቅዳሜ ሀርቡ ነኝ፣ ኢንሻአላህ።

አንድ ነገር ግን ሳልደብቅ ልንገርዎ። እንደ ድሮው አይደለሁም፤ ያን ዳገት በአንድ ትንፋሽ አልወጣውም። ሁለት ጊዜ እናርፋለን። የመጀመሪያው ዕረፍት ፈሪዳ ጋ ይሁን።

ልጅዎ ከቢር